በዓትና ወኅኒ፦ ግንብ ሰውን ሊያቀና ይችላልን?

የሰው ልጅ ከገነት ከወጣ ወዲህ ሁለት ዓይነት ቤት ሲሠራ ኖሯል፤ አንደኛው ራሱ የሚጠለልበት፣ ሁለተኛው ባልንጀራውን የሚዘጋበት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በ4ኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን የመጀመሪያውን ከተማ የቈረቈረው ወንድሙን የገደለው ቃየን ነው። በ11ኛው ምዕራፍ ደግሞ ስማቸውን ለማስጠራት የተሰበሰቡ ሰዎች ጡብ ተኵሰው እስከ ሰማይ የሚደርስ ግንብ ሊሠሩ ተነሡ፤ ፍጻሜውም መበታተን ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሰው ልብ ከአንድ ሐሳብ አልተላቀቀም፤ ይኸውም ግንቡ በመልካም ከተሠራ በግንቡ ውስጥ የሚኖረውም ሰው መልካም ይሆናል የሚለው ሐሳብ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ ግንብ ሰውን ሊያቀና ይችላልን? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በጠባብ ክፍል ተዘግቶ መኖር ለነፍስ ይጠቅማል ብላ ከጥንት ጀምሮ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ናትና፣ ዓለም ይህን ትምህርት ከእርስዋ ወስዶ ምን እንዳደረገበት ልናውቅ ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የፍጹም ከተማን ሕልም እንመልከት። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 ዩቶጵያ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ዩቶጵያ በጽርእ ቋንቋ የሌለ ቦታ ማለት ነው። በዚያች በሐሳብ በተፈጠረች ደሴት 54 ከተሞች አሉ፤ ሁሉም በአሠራር ይመሳሰላሉ፤ ቤቶቹ ቍልፍ የላቸውም፤ ድኻና ባለጠጋ አይለዩም። ነገር ግን አስተውሎ ላነበበው በዚያች ደሴት ውስጥ ሌላ ነገር አለ፤ ከከተማው ሊወጣ የሚወድ ሰው የገዢ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ የተገኘ ይቀጣል፤ ደግሞ ከተገኘ ባሪያ ይሆናል። እንግዲህ ለቤቱ ቍልፍ ያልተሠራለት ከተማ ለሰዎቹ ቍልፍ ተሠርቶለታል ማለት ነው። የመጽሐፉም ጸሐፊ ስለ ሃይማኖቱ ለንጉሡ ሐሳብ አልታዘዝም ስላለ በለንደን ግንብ ታስሮ በ1535 አንገቱን ተሰይፏል። ፍጹሙን ከተማ በሐሳቡ የሠራው ሰው የመጨረሻ ቤቱ ወኅኒ ሆነ።

ይህ ነገር ከእኛ አገር ታሪክ የራቀ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጕዞ ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰ በኋላ በ1759 ራሴላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ። ልዑሉ በተራሮች በተከበበ፣ የሚበላውና የሚያስደስተው ነገር ሁሉ ባልጐደለበት ሸለቆ ተዘግቶ ይኖራል፤ ዳሩ ግን ደስታው ራሱ ስለ ሰለቸው ማምለጫ ይፈልጋል። የዚህ ታሪክ ሥር በአገራችን የነበረው ልማድ ነው። የነገሥታት ልጆች በመንግሥት ላይ እንዳይነሡ በመካከለኛው ዘመን በግሼን አምባ፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወኅኒ አምባ ይጠበቁ ነበር። ወኅኒ ቤት የምንለውም ስም ከዚያው አምባ የመጣ ነው ይባላል። ልብ እንበል፤ ያው የግሼን አምባ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የጌታችን ግማደ መስቀል ያረፈበት፣ ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከሩቅ አገር በእግራቸው የሚወጡበት ቅዱስ ቦታ ነው። ገደሉም በሩም አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሰው እንዳይወርድ ይጠበቅበት ነበር፤ ሌላው ለመውጣት ይሳላል። ታዲያ ልዩነቱ ከድንጋዩ ካልሆነ ከምን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ፊት እንሂድ።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ አሳቢዎች የእስረኛውን መከራ አይተው አዘኑ። በዚያ ጊዜ ወኅኒ ቤት ወንድና ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ ባለ ዕዳና ነፍሰ ገዳይ በአንድነት የሚታጐሩበት፣ ተስቦ የሚፈጅበት ቦታ ነበር። ማዘናቸው መልካም ነው፤ ልንነቅፈውም አይገባም። ነገር ግን መድኃኒቱን ከሕንፃ ፈለጉት።

ከእነዚህ አንዱ ጀርሚ ቤንታም ነው። በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ ፓኖፕቲኮን፣ ማለት ሁሉን የሚያሳይ ብሎ የሰየመውን ሕንፃ አቀረበ። ሕንፃው ክብ ነው፤ ክፍሎቹ በዙሪያው ናቸው፤ በመካከል ጠባቂው የሚቀመጥበት ግንብ ይቆማል። ጠባቂው እስረኛውን ሁሉ ያያል፤ እስረኛው ግን ጠባቂውን አያይም። ስለዚህ ጠባቂው ቢኖርም ባይኖርም እስረኛው ሁልጊዜ እንደሚታይ አስቦ ይጠነቀቃል። ቤንታም ይህ ሥርዓት ለወኅኒ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት፣ ለድኾች መጦሪያና ለፋብሪካ ይሆናል አለ። ሃያ ዓመት ያህል ደከመበት፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ሐሳቡን ትቶ በ1813 የ23,000 ፓውንድ ካሣ ሰጠው። በኋላ ዘመን በኩባ አገር በፕሬዚዳንት ማቻዶ መንግሥት ከ1926 ጀምሮ ሞዴል ወኅኒ የተባለ ክብ ክብ ሕንፃ በዚሁ ሐሳብ ተሠራ፤ በ1967 ወኅኒነቱ ቀረ፤ አሁን ባዶውን ቆሞ ይታያል።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ የተሰወረውን ስሕተት እንመርምር። ሳይታይ ሁሉን ማየት የማን ባሕርይ ነው? የእግዚአብሔር ብቻ ነው። አጋር በምድረ በዳ ጥላ ኰብልላ ሳለች እግዚአብሔር አያት፤ እርስዋም የሚያየኝ አምላክ ብላ ሰየመችው። ነገር ግን እርሱ ያያት ሊያጽናናትና ልጅዋን ሊባርክላት ነው። የግንቡ ዓይን ግን የሚያየው ሊይዝ ነው። እግዚአብሔር ያየኛል ብሎ ክፉ ከመሥራት የሚከለከል ሰው በፍርሃት ጀምሮ በፍቅር ይፈጽማል፤ ጠባቂ ያየኛል ብሎ የሚከለከል ሰው ግን ጠባቂው ዘወር ያለ ዕለት ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ያ ሕንፃ እጅን ያስር ይሆናል እንጂ ልብን አያቀናም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ ከሃይማኖት ሐሳብ የመነጨ ነውና። በአሜሪካ አገር በፊላዴልፍያ ከተማ ኵዌከር የሚባሉት ሰዎችና ሌሎች ደጋጎች በ1787 ለእስረኞች የሚራራ ማኅበር አቋቋሙ። እስረኛ ብቻውን ቢቀመጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ቢሰጠው፣ ጸጥታም ቢያገኝ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ንስሐም ይገባል ብለው አሰቡ። በዚህ ሐሳብ ጆን ሃቪላንድ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው ታላቅ ወኅኒ በ1829 ተከፈተ። ስሙንም ከንስሐ ቃል አውጥተው በእኛ ቋንቋ ቤተ ንስሐ እንደ ማለት ሰየሙት። ሰባት ረጃጅም ሕንፃዎች እንደ መንኰራኵር አጥንት ከመካከል ወደ ዳር ተዘረጉ። እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው ክፍል፣ ለብቻው ትንሽ አጥር ግቢ፣ የሚፈስስ ውሃ ነበረው፤ ብርሃንም የሚገባው ከጣራው ላይ በተከፈተች መስኮት ነበር፤ ወደ ላይ ወደ እግዚአብሔር እንዲመለከት። ከክፍሉ ሲወጣ ፊቱን ጭንብል ያለብሱታል፤ ከሌላ እስረኛ ጋር ቃል እንዲለዋወጥ አይፈቀድለትም። ወጪው ወደ 780,000 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ መንግሥታት መልእክተኛ እየላኩ አይተው አምሳያውን በየአገራቸው ሠሩ።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ሄዶ ጐበኘው፤ የሠሩት ሰዎች በጎ ሐሳብ እንዳላቸው ሳይክድ፣ በሰው አእምሮ ላይ የሚደርሰው ሥቃይ ግን ሥጋን ከመግረፍ እንደሚከፋ መሰከረ። ብዙዎች ከብቸኝነት የተነሣ አእምሮአቸው ታወከ። እስረኛን ለብቻው የመዝጋት ሥርዓት በ1913 በይፋ ተተወ፤ ወኅኒውም በ1971 ፈጽሞ ተዘግቶ ዛሬ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚያዩት ቤተ መዘክር ሆኗል።

ሦስተኛው ምሳሌ የእስረኛ ሳይሆን የነጻ ሰው መኖሪያ ነው። ሌ ኮርቡዚዬ በሚል ስም የታወቀው በስዊስ የተወለደ የሕንፃ ጥበብ ሊቅ (1887–1965) በወጣትነቱ በ1907 በጣልያን አገር በፍሎረንስ አጠገብ ያለውን የኤማ ገዳም ጐበኘ። እያንዳንዱ መነኩሴ የራሱ በዓትና የራሱ ትንሽ አትክልት ቦታ ያለው፣ ነገር ግን ጸሎቱ ከማኅበሩ ጋር የሆነ መሆኑን ባየ ጊዜ እጅግ ተደነቀ፤ ይህም አሠራር ለሰው ሁሉ መኖሪያ ምሳሌ ይሆናል ብሎ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተወውም። በ1925 የፓሪስን መካከል አፍርሶ 18 እጅግ ረጃጅም ሕንፃዎችን የሚያቆም ንድፍ አሳየ። በ1936 ደግሞ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ለአዲስ አበባ የሚሆን ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ አቀረበ። ንድፉ ከነበረው ከተማ ሁሉን ጠርጎ በባዶ ቦታ እንደሚሠራ ቀጥ ያለ መሥመር የተሰመረበት ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ጥበበኛው በወረቀቱ ላይ ከተማ ሲያይ በከተማው ያለውን ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርና ጎረቤት አላየም።

እርሱና ጓደኞቹ ያስተማሩት ትምህርት በብዙ አገር ሥራ ላይ ዋለ። በአሜሪካ በሴንት ልዊስ ከተማ ሚኖሩ ያማሳኪ የነደፋቸው፣ ባለ 11 ፎቅ 33 ሕንፃዎች፣ በጠቅላላው 2,870 መኖሪያ ያላቸው፣ ከ1954 ጀምሮ ለድኾች ተሰጡ። ስሙ ፕሩይት አይጎ ይባላል። መጀመሪያ የገቡት ሰዎች ከፈረሰ ጎጆ ወጥተው ብርሃንና ንጹሕ ውሃ በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላ መስኮቱ ተሰበረ፤ አሳንሰሩ ቆመ፤ ልጆች እንዲጫወቱበት የተሠራው መተላለፊያ ሰው የሚፈራበት ቦታ ሆነ። በመጋቢት 1972 በፈንጂ ማፍረስ ተጀመረ፤ በ1976 አንድም ሳይቀር ጠፋ።

ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ሁሉ በሕንፃው ላይ ጫኑት። ይህ ግን ሌላው የዚያው ስሕተት ገጽ ነው። ሕንፃ ሰውን ያድናል ማለትና ሕንፃ ሰውን አጠፋ ማለት ሁለቱም ድንጋይን በሰው ፈቃድ ቦታ ማስቀመጥ ነውና። በእውነቱ ከሆነ በዚያ ቦታ ብዙ የሰው ኃጢአት ተጨምሮ ነበር። ጥቁሮችና ነጮች ተለያይተው እንዲኖሩ ታስቦ ተጀመረ፤ ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ከድኾቹ ኪራይ ብቻ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ይልቁንም እርዳታ የምትቀበል እናት ጤነኛ ባል በቤትዋ እንዲኖር አይፈቀድላትም ነበርና አባት ከልጆቹ ተለይቶ ተባረረ። አባት የተባረረበትን ቤት የትኛው መሐንዲስ ሊያቆመው ይችላል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የፊላዴልፍያው ወኅኒ ከገዳም ብቸኝነትንና ጸጥታን ወሰደ፤ ሌ ኮርቡዚዬ ደግሞ የበዓቱን አሠራር ወሰደ። ታዲያ በገዳም ሕይወት የሰጠው ነገር በሌላ ቦታ ስለ ምን ሞት ሆነ?

ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ አባታችን እንጦንስ እንደጻፈው፣ ቅዱሱ በፈረሰ ምሽግ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ብቻውን ተዘግቶ ኖረ፤ እንጀራም በዓመት ሁለት ጊዜ በጣራ በኩል ይቀበል ነበር። ወዳጆቹ በሩን ሰብረው ባወጡት ጊዜ ሥጋው አልከሳም፣ አእምሮውም አልታወከም፤ ይልቁንም ያዘኑትን አጽናና፤ የተጣሉትን አስታረቀ። በፊላዴልፍያ ግን ከዚህ ባነሰ ዘመን ሰው አእምሮውን አጣ። ግንቡማ የፊላዴልፍያው ይሻል ነበር፤ ውሃ ነበረው፤ ንጹሕም ነበር። ልዩነቱ የእንጦንስ በር መቀርቀሪያው ከውስጥ መሆኑ ነው።

ይህን በሦስት ነገር ልንገልጸው እንችላለን። አንደኛ፣ መነኩሴ በፈቃዱ ይገባል። ሥርዓተ ምንኵስና ሲፈጸምበት እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፤ እርሱም ዓለም በቃኝ ይላል። ንስሐ የፈቃድ ሥራ ነውና በግድ የተሰጠ ንስሐ ንስሐ አይባልም። ሁለተኛ፣ መነኩሴ አባት አለው። ብቻውን ቢዘጋም ሐሳቡን የሚገልጥለት፣ ከአቅሙ በላይ ሲጾም የሚከለክለው፣ ሲወድቅ የሚያነሣው አበ ነፍስ አለው፤ በጀማሪነቱ ወደ በዓት እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ አስቀድሞ በማኅበር መካከል በመታዘዝ ይፈተናል። ሦስተኛ፣ መነኩሴ የሚሄድበት አለው። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ አስቦ በበዓታቸው ስምንት ጦር በዙሪያቸው ተክለው፣ ሁለቱን በፊት፣ ሁለቱን በኋላ፣ ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ አድርገው በጸሎት ሲቆሙ ከዚያ የጠበበ ቦታ በምድር ላይ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ልባቸው በሰማያት ነበር። እንግዲህ ፈቃድ፣ አባትና ተስፋ ሲኖሩ ጠባቡ ይሰፋል፤ እነዚህ ሦስቱ ሲጐድሉ ሰፊውም ይጠብባል።

በአዲስ አበባ ከተማ ዓለም በቃኝ የሚባል ወኅኒ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ይህ ስም የመነኩሴ ቃል ነበር፤ እዚያ ግን ሳይወድ ዓለምን እንዲተው የተገደደ ሰው ቃል ሆነ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ብዙዎች የተጨፈጨፉበት፣ በደርግም ጊዜ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ የተገደሉበት ቦታ ነው። በ2007 ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ተሠራ፤ በ2012 ተመረቀ። ግንቡ መፍረሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንድምን ያለ ፍርድ የመዝጋት ምኞት ከልባችን ካልፈረሰ ሌላ ግንብ መሥራት ቀላል መሆኑን አንርሳ።

አንድ ሰው፦ እንግዲያስ ቤት ምንም አይጠቅምምን? እስረኛም በጨለማና በጕድፍ ቢታጐር ግድ የለምን? ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እንዲህ አላልንም። ቤተ ክርስቲያናችን ራስዋ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብላ ከፍላ ስትሠራ በሕንፃ ታስተምራለች፤ ከውጭ ወደ ውስጥ በገባን ቍጥር እንድንፈራና እንድናከብር ታደርገናለች። ነገር ግን መቅደሱ የሚቀድሰው ድንጋዩ ስላማረ ሳይሆን ታቦቱ ስላለበትና ቅዳሴው ስለሚደረስበት ነው፤ ስለዚህም የሣር ክዳን ያላት የገጠር ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ ካቴድራል በክብር አይበላለጡም። ቤት አገልጋይ ነው፤ መልካም አገልጋይ ይረዳል፤ ክፉ አገልጋይ ይጐዳል፤ አገልጋይ ግን መድኃኒት አይሆንም። እስረኛን በጕድፍ የሚያኖር ሰው ኃጢአቱ በእግዚአብሔር ፊት ተጽፏል፤ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ራሱን ከታሰሩት ጋር ቈጥሯልና።

ይህን ትምህርት ወደ ዘመናችን እናምጣው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ብዙ ሕዝብ ወደ ጋራ መኖሪያ ፎቅ ገብቷል። ብዙ ድኻ የራሱ በርና የራሱ ቍልፍ አግኝቷልና እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን በቀድሞው ሰፈር ዕድር ነበር፤ የጽዋ ማኅበር ነበር፤ የአራስ ጠያቂ ነበር፤ የንስሐ አባት ደጁን ያውቀው ነበር። መሐንዲሱ በንድፉ ውስጥ ለእንጀራ መጋገሪያና ለዕርድ የሚሆን የጋራ ቤት ሊያስገባ ይችላል፤ ፍቅርን ግን ሊነድፍ አይችልም። ያንን የሚሠራ ሌላ ነው። አንዲት አሮጊት በአራተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው ከብዷት፣ ከቤተ ክርስቲያን ርቃ፣ ጠያቂ አጥታ ብትቀመጥ፣ በርዋ ከውስጥ ቢቀረቀርም ያ ቤት ለእርስዋ ወኅኒ ሆኗል። ደረጃውን ወጥቶ በርዋን የሚያንኳኳ ካህን ግን ያንኑ ክፍል በዓት ሊያደርግላት ይችላል። እንዲሁም በወኅኒ ያለውን ወንድም መጠየቅ፣ ማናዘዝና ማስተማር የሌላ ሰው ሥራ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ በመንፈቀ ሌሊት በጸለዩ ጊዜ በሩ ተከፈተ፤ እነርሱ ግን ሮጠው አልወጡም፤ ራሱን ሊገድል የነበረውን ጠባቂ አዳኑ። በዚያች ሌሊት ታሳሪው ማን እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ በ16ኛው ምዕራፍ ያስረዳናል።

ለዚህም ከወገናችን የተገኘ አርአያ አለን። ነቢዩ ኤርምያስ በጭቃ ጕድጓድ ተጥሎ ሊሞት በቀረበ ጊዜ፣ በ38ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ወደ ንጉሡ ሄዶ የተከራከረለት አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊ ነበር። ንጉሡ 30 ሰዎች ሰጠው። አቤሜሌክ ግን ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ከቤተ መንግሥት ዕቃ ቤት አሮጌ ጨርቅ ሰብስቦ ወደ ጕድጓዱ አወረደለት፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቈርጠው ከሥሩ እንዲያደርገው ነገረው። ቤንታምም ሌ ኮርቡዚዬም ከዚህ ሰው ይልቅ የተማሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የነቢዩን ብብት ያሰበ እርሱ ነው።

እንግዲህ ግንብ ሰውን ያቀናልን ተብሎ ሲጠየቅ መልሳችን ይህ ነው፦ ሰውን የሚያቀናው በፈቃዱ የተቀበለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው፤ ለዚያም ጸጋ መንገድ የሚሆነው ወደ ባልንጀራው የሚወርድ ሰው ነው። የምንሠራው ቤት ሁሉ ይህን ሰው የሚያስገባ በር ይኑረው። በጕድጓድም በወኅኒም በፎቅም ያሉትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን በሲኦል የነበሩትን ነፍሳት የፈታ አምላክ ይጐብኝልን፤ እኛንም ለመጠየቅ የፈጠንን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።